ከኦስትኤንድ ኬለር የወጡት ሳጥኖች

ያለምዘውድ ከሆኽስት ባቡር ጣቢያ እስከ ፍራው ማንዳ ቤት ያለውን መንገድ ግማሹን በሩጫ ጨረሰችው። ሌሊቱን የወረደው ዶፍ ዛፍ ገንድሶ ሐዲድ ላይ ስለጣለ ኤስ-ባን የሚባለው የከተማ ባቡር ዘግይቶ ነበር። መንገዱ ጭቃና ቅጠል ለብሷል፤ የቆሻሻ በርሜሎች አስፋልት ላይ ተጋድመዋል፤ ሰዎች ከየምድር ቤታቸው ውሃ በባልዲ እየቀዱ ይደፋሉ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ደጋግሞ ጮኸ፤ አላነሳችውም። ፍራው ማንዳ ከዳሌያቸው ቀዶ ጥገና ወዲህ ካልሲ እንኳ ብቻቸውን ማጥለቅ አይችሉም። ስትዘገይባቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በሩን በሩን ሲያዩ ነው የምታገኛቸው።

ያን ቀንም እንደዚያው አገኘቻቸው።

"ጎርፉ የወሰደሽ መስሎኝ ነበር" አሉ በጀርመንኛ፣ በዚያ ከክሮኤሺያ ገጠር ይዘውት በመጡት፣ ዕድሜ ልክ ፍራንክፈርት ኖረውም ባልለቀቃቸው አነጋገር።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባቡሩ ነው።"

ተንበርክካ እግራቸውን ማጠብ ጀመረች። ያለምዘውድ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን የምትንከባከብ ነርስ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የመጨረሻ ታካሚዋ እኚህ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ናቸው። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"አንሺው እንጂ! ሰው እንዲህ የሚደውለው ቸግሮት ነው።"

እጇን ጠራርጋ አነሳችው። ሮቤል ነበር። ሮቤል ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ እሑድ እሑድ የሚያመልኩበት፣ ኦስትኤንድ ሰፈር ውስጥ ቤተ ክርስቲያናቸው የተከራየው አዳራሽ ቁልፍ በእሱ እጅ ነው።

"ያለም፣ ኬለሩ ጉድ ሆኗል" አላት እያለከለከ። "ምድር ቤቱ እስከ ጉልበት ውሃ ነው። ባለቤቱ የጽዳት ሠራተኞች ልኳል፤ ያገኙትን ሁሉ ግቢው ውስጥ ካለው የቆሻሻ ኮንታይነር ውስጥ ይወረውራሉ። ከጀርባ ያለው የጣውላ ግድግዳ ተንዶ ከኋላው ሁለት ትልልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ልብስ ነው ያለበት፤ የባህል ልብስ። የእኛ ግን አይደለም። ወርቅ ወርቅ ነገር አለው። ፎቶውን ልኬልሻለሁ፤ እስቲ እይው፤ የማን ይሆናል?"

ፎቶውን ከፈተችው። የዛገ ሳጥን፣ በጭቃ ውሃ ቡናማ የሆነ ነጭ በፍታ፣ ከላዩ ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈ ሸሚዝ። ምንም ሳታስብ ስልኩን ወደ አሮጊቷ አዞረችው። "ይዩት፤ አዳራሻችን እንዲህ ሆነ" አለች።

ፍራው ማንዳ ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ አራቁት። እንደገና አስጠጉት። በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፤ ድምፃቸው የሰው አልመስል አለ።

"ፍራው ማንዳ? አመመዎት?"

"ይህን የስንዴ ዛላ" አሉ በጣታቸው መስታወቱን እየነኩ፣ "ይህን በወርቅ የተጠለፈውን፣ እኔ ነኝ የጠለፍኩት። እጅጌው ላይ ሁለት ጽጌረዳ መኖር አለበት፤ አንዱ ትንሽ የተጣመመ። የት ነው ያለው ይህ?"

"ኦስትኤንድ፤ እኛ የምንሰበሰብበት አዳራሽ። ኮንታይነር ውስጥ እየጣሉት ነው።"

"ጫማዬን አምጪልኝ።"

"ግን እርስዎ ከቤት ከወጡ—"

"ልጄ፣ ጫማዬን!"

*

ኤስ-ባኑ ውስጥ ፍራው ማንዳ ከዘራቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ ተረኩላት። ያለምዘውድ ይህን ያህል ጊዜ ስትንከባከባቸው እንዲህ ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም።

በወጣትነታቸው ጀርመን ሠራተኛ ሲያጣ ከዩጎዝላቪያ በባቡር ከመጡት አንዷ ነበሩ። በሠራተኞች ማደሪያው አንድ ተደራራቢ አልጋ ተሰጣቸው፤ ከላይ እሳቸው፣ ከታች ሚሉንካ የምትባል ሰርብ ልጅ። ማንዳ ከክሮኤሺያው ስላቮኒያ ሜዳ፣ ሚሉንካ ከሰርቢያው ፒሮት ተራራ። አንዷ ካቶሊክ፣ አንዷ ኦርቶዶክስ። ያን ጊዜ ማንም ይህን ቆም ብሎ አያስበውም ነበር። ቅዳሜ ማታ ያገር ልጅ ሁሉ ኦስትኤንድ ካለው አዳራሽ ይሰበሰባል። ታምቡሪካ የሚባለው ክራር መሰል መሣሪያ ይደረደራል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው በክብ የሚጨፍሩት ኮሎ ይጀመራል። ቀስ በቀስ ደህና የጭፈራ ቡድን ሆኑ፤ በየከተማው ይጠሩ ጀመር።

"መሪያችን ኢሊያ ይባል ነበር። ማይስቶር ኢሊያ እንለዋለን፤ በእኛ አገር እጁ ለሁሉም የሚሆን ሰው እንዲያ ነው የሚጠራው። አናጢ ነበር። ሰርብ ነህ ክሮአት ሲሉት 'እኔ ከባቡር ነው የመጣሁት' ይላል። ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።"

"ልብሶቹስ?"

"ልብሶቹን ከአገር ቤት በሻንጣ፣ አንዳንዱን ከእናታችን ሣጥን ለምነን፣ አንዳንዱን እዚሁ በእጃችን ሠርተን ነው ያጠራቀምናቸው። የስላቮኒያው የወርቅ ጥልፍ፣ የሰርቢያው በቀይ ከፋይ የተሰፋ ሰደርያ፣ ሚሉንካ የሸመነችው የሱፍ ሽርጥ። የማስቀመጫው ክፍል ሁለት ቁልፍ ብቻ ነበረው። አንዱ በእኔ አንገት፣ አንዱ በእሷ።"

ባቡሩ ወደ ዋሻው ገባ። መስኮቱ ጠቆረ፤ የአሮጊቷ ፊት መስታወቱ ላይ ታየ።

"ከዚያ አገር ቤት ጦርነት መጣ። መጀመሪያ በወሬ፣ ከዚያ በሬሳ። የወንድሜ መንደር ነደደ። የመጨረሻው ቅዳሜ ወንበር ተወራወርን፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ አብረን እንጀራ የበላን ሰዎች። ልብሱን እንከፋፈል አሉ፤ እናቃጥለው ያሉም ነበሩ። በሚቀጥለው ቀን ሄጄ ሳይ ክፍሉ ባዶ ነው። መቆለፊያው ግን አልተሰበረም። በቁልፍ ነው የተከፈተው። እኔ አልከፈትኩም። እንግዲህ ማን ቀረ?"

ባቡሩ ቆሞ ሰው እስኪወርድ ጠበቁና ቀጠሉ።

"ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሷም እኔን ሌባ ትለኛለች አሉ። የእናቴ ሸሚዝ እዚያ ውስጥ ነበር።"

ያለምዘውድ ሳታስበው ስልኳን ከኪሷ አውጥታ መለሰችው። ፍሉይ ትዝ ብሏት ነበር። ፍሉይ የቤተ ክርስቲያናቸው ፒያኖ ተጫዋች፣ የአዲግራት ልጅ፣ ከእሷ ጋር በአንድ ሰሞን ጥገኝነት ጠይቆ በአንድ ካምፕ የከረመ ወንድሟ ማለት ነው። በሰሜን ጦርነቱ ሲነሳ መምጣት አቆመ። ደወለች፤ አላነሳም። ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳም። ከዚያ እሷም ተወችው።

*

ግቢው ሲደርሱ ሮቤል በኮንታይነሩና በጽዳት ሠራተኞቹ መካከል ክንዱን ዘርግቶ ቆሟል። አጠገቡ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ክንፈ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት አጥፈው፣ ከሠራተኞቹ አለቃ ጋር በትሕትናም በቁጣም መካከል ባለ ድምፅ ይከራከራሉ።

"የሰው ንብረት ነው እያልኩህ ነው።"

"የማን?" አለ አለቃው። "ስም አለው? ከሰዓት በኋላ መኪናው መጥቶ ይህን ያነሳል። እኔ ጣል ተባልኩ፤ እጥላለሁ።"

ፍራው ማንዳ የያለምዘውድን ክንድ ለቀው በከዘራቸው ወደ ኮንታይነሩ ተጠጉ። ከላይ የበሰበሰ ጣውላ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የራሰ ካርቶን። ከመካከሉ አንድ ነጭ እጅጌ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አሮጊቷ እጅጌውን ያዙት፤ ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት። ሁለት ጽጌረዳ ታየ፤ አንዱ ትንሽ የተጣመመ።

"የእርስዎ ነው?" አለ አለቃው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የእኔም ነው፤ የሌሎችም።"

ሰውየው ጓንቱን አወለቀ። "እንግዲያው ይውጣ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ነው ግን።"

ለነገው አምልኮ አዳራሹን ሊያሰናዱ የመጡት ሁሉ ተረባረቡ። መዘምራን እጅጌያቸውን ሰብስበው ኮንታይነሩ ላይ ወጡ። ሸሚዝ፣ ሰደርያ፣ ሽርጥ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ የቆዳ ጫማ እየተቀባበሉ አወረዱ። ሁሉም በጭቃ የጨቀየ፣ ሁሉም እንደ ድንጋይ የከበደ።

"አሁኑኑ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል" አሉ ፍራው ማንዳ። "ብዙ፤ ቀዝቃዛ። ጭቃው ከደረቀበት አለቀለት።"

የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ለአንድ ሸሚዝ እንኳ አይበቃም። ሮቤል ጋሽ ክንፈን አየ፤ ጋሽ ክንፈ ሮቤልን አዩ። አዳራሹ ውስጥ፣ መድረኩ ሥር፣ ለነገ የተዘረጋው የጥምቀት ገንዳ ንጹሕ ውሃ እስከ አፉ ይዞ ቆሟል።

"ነገ ጥምቀት አለብን" አሉ ጋሽ ክንፈ በአማርኛ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ።

ፍራው ማንዳ የተባለው ሳይገባቸው፣ ሸሚዙን እንደ ሕፃን ታቅፈው ፊታቸውን ያያሉ።

"ውሃው ይለወጣል" አሉ ጋሽ ክንፈ በመጨረሻ። "አምጡት፤ አስገቡት።"

*

ከመዘምራን ወንበር አንዱን ገንዳው ዳር አስቀመጡላቸውና ፍራው ማንዳ ከዚያ ሆነው ትዕዛዝ ይሰጡ ጀመር። ሳሙና የለም። ማሸት የለም። መጭመቅ ጨርሶ የለም። በፍታው ይቅደም፤ የወርቁ ጥልፍ ወደ ላይ ሆኖ ይንሳፈፍ። ያለምዘውድ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ነክራ ሸሚዙን ወዲያና ወዲህ ስታደርገው ጭቃው እንደ ጭስ እየተበተነ ወደ ታች ወረደ። ወርቁ አልሞተም ነበር። በመስኮቱ በገባው ብርሃን አንዴ ብልጭ ሲል አንዷ ዘማሪ ሳታስበው እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሮቤል አንዱን የሱፍ ሽርጥ ከባልዲ ውሃ ሲያወጣ ቀዩ ቀለም እየተንዠቀዠቀ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከሥሩ ባለ ነጭ ሸሚዝ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አረፈበት።

"ተወው!" ጮኹ ፍራው ማንዳ። "አትንኩት! ሁሉንም ሱፍ ተዉት!"

ሁሉም እጁን ሰበሰበ። አሮጊቷ የራሰውን ሽርጥ አይተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"ይህን እኔ አላውቅም" አሉ። "ተልባና ወርቅ ነው የማውቀው። ይህን ክር ያቀለመችው ሚሉንካ ናት፤ በምን እንዳቀለመችው እሷ ናት የምታውቀው። ሳናውቅ ውሃ ከጨመርንበት ይለቅና ሁሉንም ያጠፋል።" ከዚያ ማንንም ሳያዩ "ሽቫንሃይም ናት" አሉ።

"ማን?" አለች ያለምዘውድ፣ ማን እንደሆነች እያወቀች።

"ባሏ የሞተ ጊዜ ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ። ቤቷን አልቀየረችም፤ ከትራሙ መጨረሻ አጠገብ ናት። ፔይቺች ብለሽ ደወሉ ላይ ፈልጊ።" ዓይናቸውን ወደ ገንዳው መለሱ። "አትመጣም። ግን ንገሯት። ልብሱ ተገኘ በሏት።"

ከሽቫንሃይም ኦስትኤንድ የከተማው ዳርና ዳር ነው። መኪናው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ሮቤል የያለምዘውድን ፊት አይቶ፣ ሁለቱም የሚያስቡትን ስም እሱ አወጣው።

"ሽቫንሃይም የምናውቀው ሰው አንድ ነው ያለን።"

"አያነሳም።"

"ሞክሪ እስቲ።"

ግቢው ውስጥ ወጥታ ደወለች። ሁለቴ ጠራ።

"ያለም" አለ ፍሉይ።

ስሟን እንዲህ ሲጠራ መስማት ረስታው ነበር።

"ያለም፣ ምንድን ነው? ሰው ሞተ እንዴ?"

"አይ፣ የሞተ የለም። አንዲት ትልቅ ሴት ከሽቫንሃይም በመኪና እንድታመጣልኝ ነበር።"

ከአፍንጫው የወጣ ሳቅ ሰማች። "ይህን ያህል ዘመን ጠፍተሽ የምትደውዪው ለታክሲ ነው?"

"ደውዬ ነበር እኮ፤ ብዙ ጊዜ። አላነሳህም።"

"አላነሳሁም" አለ። "አድራሻውን ላኪልኝ።"

*

የፍሉይ መኪና ግቢው ሲገባ ፍራው ማንዳ ከወንበራቸው ሊነሱ ሞክረው አቃታቸው። ከመኪናው የወረዱት ሴት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር የለበሱ፣ መንኮራኩር ያለው መደገፊያቸውን ሮቤል ሳያግዛቸው ራሳቸው የዘረጉ ናቸው። ፍሉይ ለያለምዘውድ በጆሮዋ ሹክ አላት፦ "በሩን ከፈቱልኝ። 'ማንዳ' ስል ዘጉብኝ። ልመለስ ስል ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።"

ሁለቱ አሮጊቶች በአዳራሹ መካከል ተያዩ።

"ፍራው ባሊች" አሉ የመጡት በጀርመንኛ፣ ማንዳን በቤተሰብ ስማቸው ጠርተው። "ጤና ይስጥልኝ።"

"ፍራው ፔይቺች። እንኳን ደህና መጡ።"

ያለምዘውድ ደነገጠች። እርስዎ፣ እርስዎ ነው የሚባባሉት። አንድ አልጋ ከላይና ከታች የተካፈሉ ሴቶች፣ የራሳቸው ቋንቋ እያላቸው፣ በባንክ ቤት መስኮት እንደሚገናኙ ሰዎች በሰው አገር ቋንቋ።

ፍራው ሚሉንካ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ነጩን ሸሚዝና ሐምራዊ ነጠብጣቡን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሳ።

"ቀዩን ከነጩ ጋር ማን ነው ያደረገው?"

"እኔ አይደለሁም!" አሉ ፍራው ማንዳ ቶሎ ብለው።

ቃሉ አየሩ ላይ ቀረ። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ነገሩ ስለ ሸሚዙ ብቻ እንዳልሆነ ገባው። ሚሉንካም ገባቸው። ዓይናቸውን መለሱና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"ኮምጣጤ አላችሁ? ብዙ ኮምጣጤ።"

ሮቤል ጥግ ካለው የቱርክ ሱቅ በካርቶን ይዞ መጣ። ሚሉንካ ኮምጣጤውን በቀዝቃዛ ውሃ አዋሕደው ቀመሱት፤ ጨመሩበት፤ እንደገና ቀመሱት። ሽርጦቹን አንድ በአንድ ነከሩ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ውሃውን ያያል። መጀመሪያ ቀላ። ቀጥሎ ሮዝ ሆነ። ከዚያ ቆመ። ሚሉንካ ሽርጡን ሲያነሱት የሚንጠባጠበው ውሃ የጠራ ነበር፤ ሽርጡ ግን ያው ቀይ፣ ያው ጥቁር፣ ያው ቢጫ፣ ጠርዘ ቀጥ ያሉ ቅርጾቹ አንዱም አልተነካ።

"ያዘ" አሉ። ለማን እንደተናገሩ አልታወቀም።

ፍራው ማንዳ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። የነጠበበትን ሸሚዝ ራሳቸው ወደ ኮምጣጤው አቀበሉ፤ ሚሉንካ ተቀበሉ። ለካ ነጠብጣቡም ይለቃል። ወንበር አምጥተው ሚሉንካን ገንዳው ዳር አስቀመጧቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ፣ ያንዷ እጅ የሌላዋን እየተከተለ ሠሩ።

ሁለተኛው ሳጥን ገና አልተከፈተም ነበር፤ ክዳኑ ዝጎ ተጣብቋል። ፍሉይ ከመኪናው ብረት አምጥቶ ጥጉን ፈለቀቀው። ክዳኑ ሲነሳ የድሮ ላቬንደር ሽታ ወጣ። ውሃ አልገባበትም። ከላይ እስከ ታች ደረቅ ነበር።

ከላይ የተደረደሩት ነገሮች ያለምዘውድን ግራ አጋቧት። ረጃጅም፣ ጥምዝምዝ ያሉ፣ በሴት ስስ ካልሲ ውስጥ የተሰገሰጉ ጥቅሎች። "ቋሊማ ይመስላል" አለ ሮቤል።

ሚሉንካ አንዱን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ፤ ያለምዘውድ ከቃላቱ መካከል አንዱን ብቻ ለየች።

"...ማይስቶር..."

"ማይስቶር" አሉ ማንዳም።

ፍራው ማንዳ ወደ ያለምዘውድ ዞረው በጀርመንኛ አስረዷት፤ ቃላቱ እርስ በርስ እየተደናቀፉባቸው። ሽንሽን ቀሚስ ሲቀመጥ ሽንሽኑ እንዳይጠፋ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ካልሲ ውስጥ ይገባል። ከቡድኑ ይህን የሚያደርገው ኢሊያ ብቻ ነበር። ማንንም አያስነካም። የተቀደደ ካልሲ አትጣሉ፣ ለእኔ ስጡኝ እያለ ሴቱን ሁሉ ያስቅ ነበር።

ከጥቅሎቹ ሥር የክሮኤሺያው ወርቅ ጥልፍ ሸሚዝ በሰርቢያው ከፋይ ሰደርያ ውስጥ ገብቶ፣ ሰደርያው ደግሞ በሌላ ሸሚዝ ተጠቅልሎ፣ አንዱ ለሌላው መጠቅለያ ሆኖ ተቀምጧል። እከፋፍላለሁ የሚል ሰው ሁሉንም ሳይፈታ የራሱን ማውጣት አይችልም ነበር።

"ግን ቁልፍ አልነበረውም" አሉ ሚሉንካ በጀርመንኛ፣ ቀስ ብለው። "ቁልፉ እኔና አንቺ ጋ ነበር።"

አንቺ አሉ። ያለምዘውድ ሰማች።

ማንዳ እጃቸው ገንዳው ውስጥ እንዳለ ቀረ። "ሚሉንካ፣ መቆለፊያውን በሩ ላይ የገጠመው ማን ነበር?"

ሚሉንካ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

አናጢው ነው የገጠመው። ሦስተኛ ቁልፍ አስቀርቶ ነበር ማለት ነው። ወንበር በተወራወሩበት ሌሊት ሁለቱን ሳጥን ወደ ኬለር አወረደ፤ ከፊታቸው የጣውላ ግድግዳ ሠራ፤ ሰዉ ልቡ እስኪመለስ ብሎ ዝም አለ። በዚያው ክረምት ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ማንም ምንም ሳይጠይቀው፣ እሱም ለማንም ሳይናገር።

"ቀብሩ ላይ ነበርኩ" አሉ ሚሉንካ።

"አይቼሻለሁ። በዚያኛው ወገን ቆመሽ ነበር።"

"አንቺ በዚህኛው።"

ሚሉንካ ተነሱ። መደገፊያቸውን ሳይዙ፣ በገንዳው ጠርዝ ተደግፈው ቆሙና ወደ አዳራሹ ሰዎች ዞሩ። ምንም የማያውቁትን ጋሽ ክንፈን፣ የኮምጣጤ ጠርሙስ የያዘውን ሮቤልን፣ በሩ ላይ የቆሙትን የጽዳት ሠራተኞች አዩ።

"አልወሰደችም" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። "ይህች ሴት አልወሰደችም! ከሰላሳ ዓመት በላይ ሌባ ናት ብያለሁ። እሷ አይደለችም!"

"አንቺም አይደለሽም" አሉ ማንዳ፤ እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር። "ኧረ ተቀመጪ፣ ትወድቂያለሽ!"

ከዚያ በኋላ ያወሩት ሁሉ በራሳቸው ቋንቋ ነበር። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች፤ ይሳሳቃሉ፤ አፍንጫቸውን በመዘምራን ፎጣ ይጠርጋሉ። ጋሽ ክንፈ ምንም ባይገባቸውም ጎናቸው ቆመው "ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን" ይሉ ነበር።

*

መኪናው መጥቶ ኮንታይነሩን ሲያነሳ ከውስጡ አንድም ጨርቅ አልቀረም ነበር። ግቢው ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ተወጥሮበታል። ሸሚዞቹ በመዘምራን ልብስ መስቀያ ተሰቅለዋል፤ ሽርጦቹ ጥላ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፈዋል። ከላይ ካለው ፎቅ የወጡ ጎረቤቶች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ።

ያለምዘውድና ፍሉይ አንድ ከባድ ካባ ከሁለት ወገን ይዘው ገመድ ላይ እያወጡ ነበር። ስትፈራው የቆየችውን ጥያቄ እዚያው፣ ካባው በመካከላቸው ሆኖ ጠየቀችው።

"እናትህ... እናትህ እንዴት ናቸው?"

በዚያ ዘመን ስልክም ባንክም ተቋርጦ ነበር። ፍሉይ የጠፋው እናቱ ሞተውበት ነው ብላ ለራሷ ደምድማ፣ ሐዘን አልደረስኩም እያለች ስትብሰለሰል ኖራለች።

"አለች" አለ ፍሉይ።

"አሉ?"

"አለች እኮ! ደህና ናት። ከስታለች፤ አንድ ጥርስ የላትም፤ ምላሷ ግን ያው ነው። መቼ ነው የምታገባው እያለች በየሳምንቱ ታስጨንቀኛለች።"

ያለምዘውድ ካባውን ለቃ ፊቷን በእርጥብ እጇ ሸፈነች። ፍሉይ ካባውን ብቻውን አስተካክሎ ሰቀለና በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

"ምን ያስለቅስሻል ታዲያ?"

"ደስ ብሎኝ ነው። ሞተውብህ መስሎኝ ነበር።"

"ያን ጊዜ ትኑር ትሙት ሳላውቅ፣ እናንተ ፊት ቁጭ ብዬ ፒያኖ መጫወት አቃተኝ። ሌላ ነገር አልነበረም። ከዚያ ከተገኘች በኋላ ደግሞ ምን ብዬ እንደምመለስ አፈርኩ። እንደገና ከደወለች አነሳለሁ ብዬ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ተውሽኝ።"

"ነገ ትመጣለህ?"

"ፒያኖው ላይ ማን ተቀምጧል?"

"ሮቤል።"

"ኧረ እመጣለሁ" አለ ፍሉይ። "ሰዉን ከእሱ አጨዋወት ላድነው እንጂ።"

ከወንዙ በኩል እንደገና ጥቁር ደመና ብቅ ሲል ግቢው በጩኸት ተሞላ። ሁሉም የሚደርስበትን እያነሳ ወደ አዳራሹ ሮጠ። ነፋሱ ሳይቀድማቸው ሁሉንም አስገቡ። የጠረጴዛ ልብስ የሚመስል አንድ ረጅም የተልባ ጨርቅ ብቻ፣ ከሁለተኛው ሳጥን ወጥቶ ከበሩ አጠገብ ለአየር የተሰጣ፣ ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ላይ ቀረ። ማንዳ አንዱን ጫፍ ይዘው ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆሙ። ሚሉንካ ሌላውን ጫፍ ይዘው እስከ አዳራሹ ማዶ ሄዱና ጨርቁን ወጠሩት።

ያለምዘውድ ልታግዝ ተነሳች።

"ተይን" አሉ ፍራው ማንዳ።

ጨርቁን በቁመቱ አጠፉት፤ እንደገና አጠፉት። ከዚያ ሚሉንካ ጫፋቸውን ይዘው ወደ ማንዳ መጡ፤ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ዓይናቸውን ከእሳቸው ላይ ሳያነሱ። ጫፉን ከጫፍ ጋር ገጠሙት። ማንዳ የወደቀውን እጥፋት ጎንበስ ብለው ለማንሳት ሲሞክሩ ሚሉንካ ቀድመው አነሱት፤ እንደገና ራቁ፤ አሁን በጣም አልራቁም፤ እንደገና መጡ። ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ጀመረ። ጨርቁ በአራት እጅ መካከል ትንሽ ነጭ ጥቅል ሆነ። ከዚያ በላይ የሚታጠፍ አልነበረውም፤ ሁለቱም ግን አልለቀቁትም።